ሞተሩን መጨረሻ ላይ ምረጡ፦ ግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ቫኪዩም ከወራት አጠቃቀም በኋላ

አዲስ ቤት እየሠራችሁ ማዕከላዊ ቫኪዩም ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሞተሩን ነው። የሚያብረቀርቅ በርሜል፣ ሆዱ ላይ ትልልቅ ቁጥሮች። እኔ ግን ከወራት አጠቃቀም በኋላ የምመክረው ሞተሩን መጨረሻ ላይ እንድትመርጡ ነው። ሞተር በፈለጋችሁ ቀን ከግድግዳው ነቅላችሁ በሌላ ትተኩታላችሁ። ልስን ውስጥ የገባ ቱቦ ግን አንዴ ከተቀበረ ተቀበረ። ቤቱ እስካለ አብሯችሁ የሚኖረው ቱቦውና የግድግዳ መሰኪያዎቹ ስለሆኑ ጭንቀታችሁም ጊዜያችሁም እዚያ ላይ ይዋል።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ሞተሩና የአቧራ ማጠራቀሚያው ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ከዚያ ተነስቶ የውጭ ስፋቱ 51 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ አልፎ ወደ ክፍሎቹ ይሄዳል። በየተመረጠው ቦታ ክዳን ያለው መሰኪያ ይኖራል። 9 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጎማ ትሰካላችሁ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ትነቅላላችሁ። ከቱቦው ጎን ለጎን ቀጭን ሽቦ አብሮ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ብቻ ሲሆን ሥራውም ሞተሩን ማስነሳትና ማጥፋት ነው።

ሐሳቡ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው ማሽን በፈረስ እየተጎተተ መጥቶ መንገድ ዳር ይቆምና ረጃጅም ጎማዎቹ በመስኮት ገብተው ቤቱን ያጸዱ ነበር። ማሽኑ አንሶ እኛ ያለንበት ክፍል ውስጥ የገባው በኋላ ነው፣ ጩኸቱንና ከማጣሪያው ያመለጠውን ብናኝ ይዞ።

ወደ ቱቦው ልመለስ። የእኛን የዘረጋው ሰው በውሃ ቧንቧ ሥራ የተካነ ባለሙያ ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው። ውሃ ጠባብ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ላይ ቢታጠፍ ግድ የለውም። ጸጉር፣ ክርና የወረቀት ቁራጭ የተሸከመ አየር ግን በየጠባቡ መታጠፊያ ጉልበቱን ይጥላል፣ የተሸከመውንም እዚያው ያራግፋል። ኮርኒሱ ሳይዘጋ ቀና ብዬ ሳይ ዋናው መስመር መሀል ላይ ሁለት ጠባብ ጎሚቶ ተከታትለው ተሰክተዋል። አስቆርጬ በሰፊው በሚታጠፉት አስቀየርኩ። ሰውየው «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» እያለ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። ጠባብ ጎሚቶ የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ፦ እያንዳንዱ መሰኪያ ልክ ከጀርባው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እርሳስ ወይም የጸጉር መያዣ ብትመጥጡ፣ ማለፍ የማይችል ከሆነ በእጃችሁ ልትደርሱበት የምትችሉት ቦታ ላይ ይያዛል። ያንን መታጠፊያ ካለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ሰፊ ስለሆነ በርሜሉ ድረስ ይሄዳል።

ልስኑ ከመመታቱ በፊት በዓይናችሁ የምታዩዋቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ማስቲሹ የሚቀባው በቱቦው የውጭ ገጽ ላይ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ከተቀባ ቱቦው ሲገባ ማስቲሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ሲደርቅም ጸጉር የሚይዝ እሾህ ይሆናል። የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ በቢላ መላግ አለበት፤ ጣታችሁን ከታችሁ ዳብሱት፣ ከቧጠጣችሁ ይመለስ። ቅርንጫፍ መስመር ዋናውን የሚገናኘው ከጎን ወይም ከላይ እንጂ ከታች አይደለም፤ ከታች ከገባ በዋናው መስመር የሚያልፈው ቆሻሻ ወደ ቅርንጫፉ ይወድቃል። የመገጣጠሚያው ኩርባም አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ሞተሩ መዞር አለበት። ቱቦው ጋራዥን ከመኖሪያው የሚለየውን የእሳት መከላከያ ግድግዳ የሚበሳ ከሆነ፣ በብዙ ቦታ የግንባታ ደንብ እዚያ ላይ የእሳት ማገጃ ስለሚጠይቅ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ መሰኪያዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ሞተሩን አስነሱና በየመገጣጠሚያው ጆሯችሁን አስጠጉ፤ የሚያፏጭ ካለ ገና በእጃችሁ ነው። ግድግዳው ሳይዘጋ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ ማንሳትም አትርሱ፣ ነገ ሥዕል ለመስቀል ግድግዳ ስትበሱ ትፈልጉታላችሁ።

መሰኪያ የት ይሁን ለሚለው ፕላን ላይ ክብ ከመሣል ሲባጎ ይሻላል። የጎማውን ርዝመት የሚያህል ሲባጎ ቆርጣችሁ፣ መሰኪያው ይሆናል ያላችሁበት ቦታ ላይ አንዱን ጫፍ አስይዛችሁ፣ በበሩ ዞራችሁ፣ አልጋና ሶፋ የሚቀመጡበትን ቦታ አልፋችሁ የመጨረሻው ጥግ ድረስ ሂዱ። ፕላን ላይ ደርሷል ያላችሁት ጥግ በሩ ሲታጠፍ ላይደርስ ይችላል። ብዙ መሰኪያ ደግሞ ጥሩ መሰኪያ ማለት አይደለም። ሻጩ በየክፍሉ አንድ ቢመክራችሁ አይግረማችሁ፣ የሚሸጠው እሱ ነው። እኛ በየፎቁ ኮሪደር መሀል አንድ መሰኪያ ላይ አተኮርን፤ ከአንድ ቦታ ተሰክቶ ሁሉንም መኝታ ቤት የሚያዳርስ መሰኪያ፣ በየክፍሉ ነቅሎ ከመሰካት ይሻላል። በር ሲከፈት ከሚሸፍነው ግድግዳ ግን አርቁት። ሳሎን ምንጣፍ ካለ ደግሞ መሰኪያው ከኤሌክትሪክ ሶኬት አጠገብ ይሁን፤ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ራስ የራሱን ኃይል ይፈልጋል። በአየር ብቻ የሚሽከረከረው ርካሽ ነው፣ ለስስ ምንጣፍ ይበቃል፤ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ግን ብሩሹ ሲቆም በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

የኩሽናው ለብቻው ይወራ። ካቢኔው ሥር፣ ወለሉ አጠገብ፣ በእግር ጣት የሚከፈት ጠፍጣፋ አፍ አለ። ፍርፋሪውን በመጥረጊያ እዚያ ድረስ ትገፋላችሁ፣ ክዳኑን በጫማ ጫፍ ትነካላችሁ፣ ሹክ ብሎ ይውጠዋል። ማጎንበስ የለ፣ ማፈሻ የለ። ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ በቀን ደጋግመን የምንጠቀመው ይኼን ነው፣ ትልቁን ጎማ ካወጣንባቸው ቀኖችም በብዙ ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ጎማ የሌለው አፍ ስለሆነ ወለል ላይ የወደቀውን አይመርጥም፤ የጠርሙስ ክዳን ኮርኒሱ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ሲያልፍ ቆማችሁ ታዳምጣላችሁ፣ የልጅ ካልሲ ደግሞ እንደ ክዳኑ ቀላል እንግዳ አይደለም።

ሞተሩን አሁን እንምረጥ። በርሜሉ ላይ የተጻፈው ዋት ከመስመር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ እንጂ ምን ያህል እንደሚስብ አይነግራችሁም። የሚጠቅመው ኤር ዋት የሚባለው ነው፦ በደቂቃ የሚያልፈው አየር በኪዩቢክ ጫማ፣ ሲባዛ የመምጠጥ ግፊቱ በኢንች ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ሲካፈል ለ8.5 ገደማ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛው ግፊት የሚለካው አፉ ተደፍኖ፣ አየር ሳያልፍ ነው። ከፍተኛው የአየር ፍሰት የሚለካው ደግሞ አፉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም፣ ስለዚህ ሁለቱን ትልልቅ ቁጥሮች አባዝቶ የሚያሳያችሁ ሻጭ የሌለ ጉልበት እየሸጠላችሁ ነው። በሥራ ላይ የሚገኘውን ትልቁን ኤር ዋት፣ በአንድ ነጥብ የተለካውን፣ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተራ የቤት ቫኪዩም ከ900 ዋት እንዳይበልጥ የደነገገው ማዕከላዊውን አያካትትም፤ ይኼኛው ረጅም ቱቦ ሙሉ አየር ማንቀሳቀስ ስላለበት ትልቅ ሞተር መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ብሬከርም ይፈልጋል፣ ለኤሌክትሪሺያኑ ከጅምሩ ንገሩት። ከዚህ ውጭ የምጠይቀው ሞተሩ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቀው ካርቦን ሲያልቅ መለዋወጫ ይገኛል ወይ የሚለውን ነው።

ከረጢት ያለው ወይስ የሌለው? የሌለው ሲሸጥ «ወጪ የለበትም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ለማራገፍ ባልዲውን ስትፈቱ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ሱፍ የመሰለ ድርብርብ ታገኛላችሁ፤ ወደ ላስቲክ ስትገለብጡት ከላዩ የሚነሳው ደመና ቀጥታ ፊታችሁ ላይ ነው። ከቤት ያወጣችሁትን አቧራ በአንድ ትንፋሽ መልሶ መቀበል። በከረጢትም ያለ ከረጢትም የሚሠራ ዓይነት ስላለ እሱን ወሰድን፣ ያለ ከረጢት የተጠቀምነው ጥቂት ጊዜ ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን አየር ወደ ውጭ አስወጡት፤ ማጣሪያው ያልያዘው ረቂቅ ብናኝ አብሮ ይወጣል። መውጫው ግን ከመስኮትና ከሰው መቀመጫ ይራቅ፣ ድምፅ ማፈኛም ይደረግለት፣ ጎረቤትም ጆሮ አለው።

ታዲያ ወራት ካለፉ በኋላ ምን ተረፈ? ከሁሉ በላይ ጸጥታው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከመጥረጊያው ራስ የሚገባው አየር ፉጨት ብቻ ነው፤ እየጠረጋችሁ ስልክ ታወራላችሁ፣ በሚቀጥለው ክፍል የተኛ ልጅ አይነቃም። ጋራዥ ገብታችሁ በርሜሉ አጠገብ ከቆማችሁ ሌላ ነገር ነው። ተራ ቫኪዩም ሲሞቅ የሚያመጣው የአቧራ ሽታም ቀርቷል። መደርደሪያ ላይ አቧራ መቀመጡ ግን አልቀረም፤ ከቤት አቧራ ይጠፋል የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

የማማርረው ስለ ጎማው ነው። ዘጠኝ ሜትር ጎማ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሰቀላችሁት ግማሹን ይወስዳል፣ መሬት ላይ ከተዋችሁት ይጠልፋችኋል። ፎቅ ላይ ተሸክሞ መውጣት ስላለም ለሁለተኛው ፎቅ ሌላ ጎማ ገዛን፤ ከሞተሩ ቀጥሎ የወጣ ብር ያላስቆጨኝ እሱ ነው። ስትጎትቱት ደግሞ የግድግዳ ማዕዘን ይቧጥጣል፣ አዲስ ቀለም ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። የጨርቅ ልባስ አልብሱት፣ ችግሩ በአብዛኛው ያልቃል። ጎማው ራሱ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የሚደበቅበት ዘዴም አለ፦ ስትጨርሱ ጫፉን በመዳፋችሁ ትደፍናላችሁ፣ ሞተሩ ራሱ ስቦ ወደ ግድግዳው ያስገባዋል። ያየሁት ሰው ቤት ነው፣ ያስቀናል። ግን በተለይ ሰፋ ያሉ መታጠፊያዎችና ጎማውን ሙሉ የሚያስተኛ የቱቦ ርዝመት ስለሚፈልግ፣ ከፈለጋችሁት ቱቦው ሳይዘረጋ ወስኑ።

ለጥቂት ፍርፋሪ ጎማ የሚያወጣ ሰው የለም፤ እኛም አናወጣም። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ቫኪዩም አሁንም ከበር ጀርባ አለ። ማዕከላዊው የሳምንቱን ትልቅ ጽዳት፣ ምንጣፍ፣ ፍራሽና ደረጃ ይችላል።

መምጠጡ ሲደክም ቱቦው ተደፈነ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ጎማውን ነቅላችሁ መዳፋችሁን መሰኪያው ላይ አድርጉ። ግድግዳው ላይ ጠንካራ ሆኖ ጎማው ጫፍ ላይ ከደከመ የተደፈነው ጎማው ነው፤ ገልብጣችሁ ሌላውን ጫፍ መሰኪያው ላይ ግጠሙት፣ የገባው በገባበት ይወጣል። አንድ መሰኪያ ብቻ ከደከመ ቅርንጫፉን፣ ሁሉም ከደከሙ ከረጢቱን ወይም ማጣሪያውን ተመልከቱ። የእኛ እስካሁን ሁልጊዜ ጎማው ወይም ከረጢቱ ነው። ውሃ፣ ትኩስ አመድና የልስን ብናኝ አትምጠጡበት። የመጨረሻው በተለይ አዲስ ቤት ውስጥ ያጓጓል፤ የጀሶ ዱቄት ግን ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል። ግንበኞቹ የተዉትን በግንባታ ቫኪዩም አስጠርጉ።

ወለሉ ሁሉ ሴራሚክ የሆነ፣ ፎቅ የሌለው፣ ጠባብ ቤት ከሆነ አልመክርም፤ ያለቀለት የብሎኬት ቤት ግድግዳ ቆርጦ ማስገባትም አቧራው ከሚያስወግደው ይበልጣል። ግንባታ ላይ ያላችሁና ገንዘቡ አሁን ያልሞላላችሁ ግን ቱቦውንና ሽቦውን ብቻ አዘርጉ፣ ጫፎቹን በክዳን ድፈኑ፣ ሽቦዎቹ ላይ የትኛው የት እንደሚሄድ ጻፉባቸው፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ሶኬቱን አስቀምጡ። ሞተሩ ብሩ ሲሞላ ይመጣል።