ለአሮጌው ፌንደራችን ስፒከር ለመረጡልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ አልጽፈውም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እሳቸውን ሳታማክሩ ስፒከር እንዳትቀይሩ።

የባንዳችን አምፕ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው፤ 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 8 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ)። ስፒከሩ መንተፋተፍ ሲጀምር መጀመሪያ የሄድንባቸውን ቤቶች ስም አላነሳም፤ የእጃቸውን ይስጣቸው። አንደኛው «12 ኢንች ያው 12 ኢንች ነው» ብሎ የመኪና ሰብዉፈር ገጠመበት። የጊታር ስፒከር ወረቀቱ (ኮኑ) ቀላል ነው፤ በ1 ዋት፣ ከ1 ሜትር ርቀት ሲለካ 98 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጣል። የመኪናው ሰብዉፈር ኮኑ ከባድ ስለሆነ በዚያው 1 ዋት 88 አካባቢ ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ያንኑ ድምፅ ለማግኘት አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 22 ዋቱ አምፕ የ2 ዋት ሆነ። በዚያ ላይ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ያለውን፣ ክሩ ሲመታ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ክፍል፣ ሰብዉፈር እምብዛም አያወጣውም። ትዝታ ስንጫወት ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ቤት ባሰ። ስፒከሩን ከሽቦው ፈቶ፣ ጃኩን ሳይነቅል አምፑን አበራው። ፌንደር ጃኩ ሲነቀል መውጫውን ራሱ ሾርት አድርጎ ይከላከላል፤ ጃኩ ተሰክቶ ሽቦው ከተንጠለጠለ ግን መከላከያው አይሠራም፣ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ በ2 አምፔር ፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ! ከዚያ «ትራንስፎርመሩ ሄዷል፣ ቀብድ አምጡ» አለን። ሞያም የለ፣ ይሉኝታም የለ።

ጋሼ ግን ማብሪያውን እንኳ አልነኩም። መጀመሪያ የተገጠመውን ስፒከር ነቅለው የስፒከሩ ጃክ ላይ ቴስተር አሳረፉ፦ 3.4 ኦም። የ8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ6 እስከ 7 ነው የሚያሳየው፣ 8 ካላየሁ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። 3 ምናምን ካሳየ ግን ባለ 4 ኦም ነው። ቀጥለው ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊያጠራቅም የሚችለውን ካፓሲተር አራገፉ፣ ትራንስፎርመሩን ለኩ። ደህና ነው! ያ ሁሉ ቀብድ ለምን እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው።

ኦርጅናሉን ስፒከርም እንድናመጣው ጠየቁ። ጠርዙ ላይ የታተመውን ቁጥር አነበቡ፦ 465 የሚጀምረው ኦክስፎርድ ነው፤ 220 ጄንሰን፣ 137 ሲቲኤስ፣ 67 ኤሚነንስ። ተከትለው የሚመጡት አሃዞች የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራሉ። ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት ከግራና ከቀኝ እኩል ቀስ ብለው ገፉት፤ ኮይሉ (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን ሲፍቅ ክርክር የሚል ድምፅ ይሰማል። «አትጣሉት፣ ብረቱና ማግኔቱ ደህና ነው፤ ወረቀቱና ኮይሉ አንድ ቀን ይቀየርለታል» አሉን። ሌላው ቤት ለቁርጥራጭ ነበር የጠየቀን።

ምርጫቸው ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ኦም አይደራደሩበትም፣ 8 ከሆነ 8 ነው። ከዚያ ዋት፤ የቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ) አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት ከተጻፈበት በላይ ስለሚያወጣ የአምፑን እጥፍ ያህል የሚችል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባለ 25 ዋቱን ሴሌስቲየን ግሪንባክ፣ ድምፁን እየወደዱት፣ ለእኛ አልፈለጉትም። ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ቪንቴጅ 30 ደግሞ 60 ዋት ይችላል፣ 100 ዴሲቤልም ይሰጣል፤ ግን የላይኛውን መካከለኛ ድምፅ ስለሚገፋ «ከሳክስፎኑ ጋር ይጣላባችኋል» አሉን። እውነት ነው፣ ሞክረን አየነው።

እዚህ ላይ ያየሁት ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየሁም። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያደርጋሉ። 3 ዴሲቤል ብቻ የጮኸው «የተሻለ» እየመሰለ ጆሮን ያታልላላ! ጊታሪስታችንን «ልጄ፣ በራስህ ጊታር ተጫወት» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው አዳመጡ። ጊታሩ ሃምበከር (ባለ ሁለት ኮይል ድምፅ መቀበያ) ያለው፣ ድምፁ ወፈር ያለ ስለሆነ ደማቁን ጄንሰን ሲ12ኤን መረጡለት፤ 50 ዋት፣ 8 ኦም። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ኮይል መቀበያ) ጊታር ቢሆን ኖሮ ግን ሹል ድምፁን የሚያለሰልስ፣ ኮኑ ከሄምፕ የተሠራ የኤሚነንስ ስፒከር ነበር የሚመክሩን።

አዲሱ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ እስኪመጣ ሥራ እንዳይቋረጥብን መፈተሻ ሣጥናቸው ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ሲ12ኤን ፈተው አዋሱን። ያለ መያዣ! «ሠርግ ላይ ጊታር ከሌለ ምን ሠርግ ነው» ብለው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሲገጥሙም ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርፅ፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሹ ነው የሚያጠብቁት። አንዱን ወገን ቀድሞ ማጥበቅ ብረቱን ያጣምመዋል፣ አዲሱ ኮይልም መፋቅ ይጀምራል። ማግኔቱ ከተንጠለጠሉት ቲዩቦች ጋር እንዳይነካካ በጣታቸው ለኩ። ፊውዙንም ወደ ትክክለኛው መለሱ። የ120 ቮልት አምፕ ስለሆነ ከ220 የሚያወርደው ትራንስፎርመር ቢያንስ 300 ዋት የሚችል፣ ክብደት ያለው የእውነት ትራንስፎርመር እንዲሆን አስጠነቀቁን፤ ያ ቀላሉ የጉዞ ኮንቨርተር ለዚህ አይሆንም።

ባለ ሁለት ስፒከሩ ትዊን ሪቨርብ ያላችሁ ደግሞ፣ ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራሌል (ጎን ለጎን) ሲያያዙ 4 ኦም እንደሚሆኑ ጋሼ ያስረዷችኋል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነክተው ሁለቱም ወረቀቶች ወደ ውጭ መግፋታቸውን ያያሉ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ባሱ ይጠፋል። የድሮ ጄቢኤል ስፒከር ከሆነ ቀዩና ጥቁሩ የሽቦ ማያያዣ የተገላቢጦሽ ነው፣ ይህንንም ያውቃሉ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደውሉና ሂዱ፣ አታመንቱ። ጊታራችሁንና ኦርጅናሉን ስፒከር መያዝ እንዳትረሱ፤ አምፑን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው «ጊታሩስ?» ተብሎ ይመለሳል። አዲሱ ስፒከር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይደርቃል፣ እየተጫወታችሁበት ይለሰልሳል፤ በሁለተኛው ቀን ደውላችሁ አታስቸግሯቸው።