ኮምፒውተር አሁን ልግዛ ወይስ ቀጣዩን ፕሮሰሰር ልጠብቅ?

ድሮ መጠበቅ ያዋጣ ነበር። የቺፕ አምራቹ ኢንቴል መሥራች ከሆኑት አንዱ ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፉት ትራንዚስተሮች (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) በየ2 ዓመቱ በእጥፍ እንደሚጨምሩ ተንብዮ፣ ለረጅም ጊዜ እንዳለው ሆነ። አሁን ግን ነገሩ አዝግሟል። ኢንቴልን እንይ፦ 14 ናኖሜትር የተባለውን የቺፕ ማምረቻ ትውልድ (ቁጥሩ ሲያንስ ትውልዱ አዲስ ነው) እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አካባቢ ያወጣው አዲስ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰርም ያው 14 ናኖሜትር ነበር። በዴስክቶፕ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚደረገውን ሽግግር ልጠብቅ ያለ ሰው 7 ዓመት ቁጭ አለ ማለት ነው።

ወጪ
አሁን መግዛት፦ ቆየት ያለው ሞዴል ዋጋው ቀነስ ይላል።
መጠበቅ፦ አዲሱ ይወደዳል። የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን አዳዲሶቹን ቺፖች የሚያትሙት ማሽኖች እጅግ ውድ ናቸው።

ጥቅም
አሁን መግዛት፦ ሥራችሁ ዛሬውኑ ይፈጥናል።
መጠበቅ፦ ባትሪ ይቆጥባል፣ ሙቀትም ይቀንሳል። «3 ናኖሜትር» የሚለው ስም ግን አያሳስታችሁ። የገበያ መጠሪያ እንጂ የትራንዚስተሩ ትክክለኛ ልክ አይደለም።

ስጋት
መጠበቅ፦ ቀኑ ሊገፋ ይችላል፤ ደጋግሞም ተገፍቷል።

ማሽናችሁ ሥራ እያስተጓጎለ ከሆነ አሁኑኑ ግዙ። ያላችሁ ላፕቶፕ ደህና ከሆነና የምትፈልጉት ረጅም የባትሪ ዕድሜ ከሆነ ጠብቁ።