ደብረ ብርሃን ላይ ስላገኘሁት የሳንባ ፊዚዮቴራፒ

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ። የሳንባ በሽተኛ በስፖርት የሚታከምበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። በሩ ጋ ስትደርሱ የዕለቱን ስፖርት ጨርሳችኋል። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ደግሞ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ይጨሳል፣ ዕጣኑም አይቀርም። ሸዋ ውስጥ ቡና የሚጠላ የለም፤ ግን እዚያ ወንበር ላይ የተደረደርነው ሁላችንም ጭስ ሲሸተን ሳል የሚጥለን ሰዎች ነን። ነገርኳቸው፣ «እሺ ጋሼ» አሉኝ፤ ዕጣኑ ቀጠለ። የቦታውን ስም የማልጽፈው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሂዱ ነው የምላችሁ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሲቲ ስካኑ በሁለቱም ሳንባዬ ግርጌ ጠባሳ አሳየ። ሐኪሙ «ጠባሳው አይለቅም፤ ስፖርት ግን ይሥሩ» ሲለኝ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ከቤቱ እስከ ሱቅ ቆም እያለ የሚሄድ ሰው ምን ስፖርት ይሠራል?

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት፤ ልጄ ብትሆን የመጨረሻዋ ትሆን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ነው። 30 ሜትር ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ላይ ወንበር ታስቀምጣለች፣ ጣታችሁ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ትሰካለች፣ ከዚያ የቻላችሁትን ያህል መመላለስ ነው። ማረፍ ይፈቀዳል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ከመንዝ የመጡ አንድ ቄስ ተነሥተው ሲከንፉ «አባ፣ ከማን ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት?» አለቻቸው። «ከደወሉ ጋር!» አሉ፤ ወዲያው ግድግዳ ያዙ።

ነገሩን ያስረዳችን እሷ ናት። ጠባሳ የያዘው ሳንባ እንደ ልቡ አይለጠጥም፤ ኦክስጅኑም ወደ ደም ለማለፍ ይቸገራል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መቀመጥ ይመርጣል፤ ሲቀመጥ ጭኑ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጭን ደግሞ ለትንሿም እርምጃ ቶሎ ይደክማል፣ ትንፋሽም ያስጨርሳል። እዚያ የሚጠገነው እንግዲህ ጭኑ ነው፤ ሳንባው እንዳለ ነው። ይህን ሳይነግሩ ገንዘብ የሚቀበሉ ካሉ አትመኗቸው።

ትሬድሚሉ (ቆመው የሚራመዱበት ማሽን) ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈለትም፤ ማንም አልናፈቀው። የምንሠራው በወንበርና ውሃ በተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ከወንበር ስንነሣ ትንፋሽ እናወጣለን፣ ስንቀመጥ እናስገባለን። ዕቃ ሲያነሣ ትንፋሹን የማይቋጥር ሰው ከመካከላችን አልነበረም፤ ያን ማስተው ብቻ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ግድግዳው ላይ ከ0 እስከ 10 የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ የትንፋሻችንን ማጠር በቁጥር እንናገራለን። 3 ወይም 4 ላይ ከሆንን «እዚያው ይቆዩ» ትላለች፤ ሲያልፍ ታሳርፋለች። የጣቱ ኦክስጅን መለኪያ ከ88 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ተከራክራችሁ አትረቷትም፣ ታስቆማችኋለች። ባትሪው አልቆ ያገኘነው ቀንም ነበር፤ ያን ቀን ከወንበር ልምምድ በላይ አላሠራችንም፤ ደግ አደረገች።

ከተማችን ራሷ ታስቸግራለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ኦክስጅኑ የአየሩ 21 በመቶ መሆኑን አይለቅም፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ግን ያንሳል። ጣርማ በርን አልፌ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ቀለል የሚለኝ ሙቀቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ዘመድ «የእኔ ኦክስጅን ይህን ያህል ነው» ብሎ በስልክ ቢነግራችሁ ከቁጥሩ ጋር አትወዳደሩ፤ ፊዚዮቴራፒስቷም እያንዳንዳችንን ዕረፍት ላይ ለክታ ከዚያ ነው የምትነሣው።

የጠዋቱን 2 ሰዓት ፈረቃ ግን አትቀበሉ፤ በታኅሣሥ ውርጭ የሳንባ በሽተኛን በዚያ ሰዓት መጥራት ግፍ ነው። እኔ ወደ 5 ሰዓት አስቀየርኩ። ዋጋው ለጡረተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ ከልጆቼ አንዱ ባያግዘኝ አልጨርሰውም ነበር። እንዲህ ያለው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሆኖ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳልና አስባችሁ ግቡ።

ውጤቱስ? ሳሌ እንዳለ ነው። መጨረሻ ላይ ስንለካ ግን ስድስቱን ደቂቃ ሳላርፍ ጨረስኩ። ቤትም ጫማዬን ራሴ አስራለሁ፤ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ከቧንቧ እስከ ማድ ቤት አደርሳለሁ። ልጅቷ እንደምትለው ልምምዱን የተወ ሰው ያገኘውን ሁሉ በወራት ውስጥ ያጣዋል። ለዚያ ብለው የሚሰጡት የቤት ልምምድ ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነው! የልጅ ልጄ በአማርኛ ጻፈችልኝ፤ ቄሱም ከእኔ ኮፒ አስደርገው ወሰዱ።

ለመመዝገብ የሲቲ ስካኑን ፊልም፣ የአክታ ምርመራ ውጤትና ሸራ ጫማ ያዙ። ቲቢ እንደሌለባችሁ ሳያረጋግጡ አያስገቡም፤ ልክ ናቸው። አክታችሁ ደም ካለው ወይም ደረታችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።