ፀሐይ የቻለችው ካሜራ

የመጀመሪያዋ የመኪናዬ ካሜራ ሳጥኗ ላይ በትልቁ «4ኬ» (በጣም ጥርት ያለ ምስል ማለት ነው) ተብሎ ተጽፎ ነበር። እሱን አይቼ ነው የገዛኋት። ሚያዝያ 2016 ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ ስወርድ አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ እየመጣ የቪትዜን የፊት ፓራውልት ሰነጠቀው። ልጁ ወርዶ «እሷ ናት የገባችብኝ» አለ። እኔ አልተጨነቅኩም። ካሜራ አለኝ ብዬ ነበር። ማታ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የመጨረሻው ቪዲዮ 11 ቀን አልፎታል። መብራቷ ይበራል፣ ስክሪኗ መንገዱን ያሳያል፣ ግን እየቀረጸች አልነበረም። ያየ ሰውም አልተገኘም። ፓራውልቱን ከኪሴ አሠራሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ውሸታም መባሉ ነው የከነከነኝ። ስለዚህ ሁለተኛዋን ከመግዛቴ በፊት የመጀመሪያዋ ለምን እንደከዳችኝ ማወቅ ፈለግኩ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ያልተመሳከረ ነገር ትቼ ማለፍ አልችልም።

ስልክ የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኳት። ሽፋኗን ሲከፍተው ውስጧ ያለችው ትንሽዬ ሊቲየም ባትሪ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ተነፍታለች። የጀርባዋ ፕላስቲክ መጣመም ጀምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናዬ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ በሌለው የቢሮ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የመጋቢትና የሚያዝያን ፀሐይ የምናውቅ እናውቀዋለን። 9 ሰዓት ላይ በር ስትከፍቱ መሪው አያስይዝም። ካሜራዋ ደግሞ የተለጠፈችው መስታወቱ ላይ ነው፤ ከመኪናው በጣም ከሚግሉት ቦታዎች አንዱ።

ሁለተኛው ጥፋት ካርዱ ላይ ነበር። ዳሽ ካም (የመኪና ካሜራ) ቪዲዮውን በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ይቀዳል፤ ካርዱ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ጂ ሴንሰር የሚሉት ነገር ግን መኪናው በኃይል ሲንገጫገጭ «አደጋ ደርሷል» ብሎ ያንን ቪዲዮ ይቆልፈዋል። የተቆለፈ አይጠፋም። የኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ጉድጓድ አያጣውም። ካሜራዋ በየቀኑ፣ በየጉድጓዱ አደጋ ስትቆጥር ከርማ ካርዱ በተቆለፈ ፋይል ሞልቷል። አዲስ የምትጽፍበት ቦታ አልነበራትም።

ታዲያ ሳጥኑ ላይ ያለው 4ኬ ምን ጠቀመኝ? እሱም ቢሆን እውነተኛ አልነበረም። የባጃጅ ታርጋ ከአራት ሜትር ላይ አይነበብም። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ትንሽ ምስል ቀርጸው በሶፍትዌር ይለጥጡትና በትልቁ ቁጥር ይሸጡታል።

ሁለተኛዋን ሐምሌ 2016 ላይ የእህቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ አመጣልኝ። ቪዮፎ ኤ119 ቪ3 ትባላለች። ከነካርዷና ከነገመዷ 18 ሺህ ብር ገደማ ወጣባት። ቀላል ገንዘብ አይደለም። የመረጥኳት በአንድ ምክንያት ነው፤ ውስጧ ሊቲየም ባትሪ የለም። በምትኩ ካፓሲተር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ዕቃ አላት። ካፓሲተር ብዙ ኃይል አይዝም። ሞተር ሲጠፋ የጀመረችውን ፋይል ዘግታ እስክትተኛ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይሸፍናል። ለሙቀት ግን ከሊቲየም በጣም ይሻላል። እስካሁን ሁለት መጋቢት ልታልፍ ነው፤ ፀሐይዋን ችላለች።

ምስሏ 4ኬ አይደለም። 2560 በ1440 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። ምስል የምትይዝበት ሴንሰሯ ለጨለማ ጭምር የተሠራው የሶኒ ስታርቪስ ነው። ቀን ላይ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ታርጋ ላይ «አማ» የሚለውን ፊደልና ቁጥሩን አጥርቼ አነባለሁ። ማታውን የሞከርኩት ግንቦት 2016 በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። 380 ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ነዳሁ። መብራት ስላለ አጠገቤ የሚያልፈው መኪና ታርጋ ይነበባል። ከድልድዩ አልፌ መብራት ወደሌለበት ስወጣ ግን የሚመጣው መኪና ፋውዛ ታርጋውን ነጭ ያደርገዋል። ይህን የትኛዋም ካሜራ ሙሉ በሙሉ አልፈታችውም። ለኔ የሚበልጠው ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶችን፣ መብራት የሌለው ብስክሌት ላይ ያለውን ልጅ ታሳያለች። የድሮዋ እነሱን ጥላ ነበር የምታደርጋቸው።

ካርድ ላይ እባካችሁ አትቆጥቡ። ተራ የስልክ ካርድ ፎቶ ለማስቀመጥ ነው የተሠራው። ዳሽ ካም ግን ሞተር ከተነሣ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይጽፋል። ለዚህ የተሠሩ ካርዶች አሉ። የኔ የሳምሰንግ ፕሮ ኢንዱራንስ 128 ጂቢ ነው፤ ሳንዲስክም ሃይ ኢንዱራንስ የሚለው አለው። ገበያ ላይ ላዩ 128 ተብሎ ውስጡ 16 የሆነ ካርድ ስለሚሸጥ፣ ገዝታችሁ ስትገቡ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ጫኑበትና መልሳችሁ ክፈቱት። ካልተከፈተ ሳይውል ሳያድር መልሱት። በየወሩ መጀመሪያ ካሜራዋ ላይ ራሷ ፎርማት አደርገዋለሁ። ጂ ሴንሰሩን ደግሞ ዝቅተኛው ላይ አድርጌዋለሁ።

ገጠማውን ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሠሩልኝ።

«ልጄ፣ ከላይተሩ ብትሰኪው አይበቃሽም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መኪናዬ ቆማም ካሜራዋ እንድትጠብቅልኝ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ባትሪሽን እንዳትጠጣው ነው መጠንቀቅ።»

ለዚሁ የሚሸጠው ገመድ ሦስት ሽቦ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ መብራት ካለው ፊውዝ ላይ ይገባል፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ከሚያገኘው ላይ፤ ጥቁሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ጋሼ ከመሪው በታች ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍተው ቴስተራቸውን እያስነኩ፣ እኔን «አጥፊ፣ አብሪ» እያሉ አንድ በአንድ ፈተሹ። የኤርባግና የፍሬን ፊውዝ ላይ ግን እጃቸውን አላሳረፉም። «እነዚህ ነፍስሽ ናቸው፣ ምንም አይጨመርባቸውም» አሉ። ጥቁሩን ሽቦ የሚያስሩበት ቡሎን ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከኪሳቸው ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አወጡ። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ዙሪያውን ፈገፈጉት። «ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ልጄ። ላዩ ላይ ካሰርሽው ዛሬ ይሠራል፣ በክረምት ይጠፋብሻል።» ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል። አንድ ቀን አልጠፋችም።

ገመዱ የባትሪው ኃይል ሲወርድ ራሱ የሚቆርጥበት ማስተካከያ አለው። እኔ 12.2 ቮልት ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በታች ካወረዳችሁት ካሜራዋ ብዙ ሰዓት ትቀርጻለች፤ ጠዋት ግን መኪናው ላይነሣ ይችላል። ባትሪያችሁ ካረጀ ጭራሽ ቆማ እንድትቀርጽ አታድርጉ።

ቦታዋን በሚመለከት፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ወደ ተሳፋሪው በኩል ለጠፍናት። እዚያ የሾፌር ዓይን አትጋርድም፣ ዝናብ መጥረጊያውም ይደርስላታል። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ስቲከሩን እንዳትሸፍን አስቀድማችሁ ለኩ። መስታወቱን በአልኮል ጠርጉት፤ ጠዋት ገና ሳይግል ለጥፉት። ገመዱ በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ተወትፎ በጎን ምሰሶው ይወርዳል። ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ያለበት መኪና ከሆነ ገመዱ በኤርባጉ ኋላ ነው ማለፍ ያለበት፤ በፊቱ ካለፈ ሲፈነዳ ገመዱን ይዞ ይወረወራል።

ሌንሷን ስታስተካክሉ ሰማዩ ከምስሉ ሲሶ አይብለጥ። ሰማይ ከበዛ ካሜራዋ ለብርሃኑ ብላ መንገዱን ታጨልመዋለች። ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ስነዳ ይህን በደንብ አየሁት፤ ውኃው ራሱ ሁለተኛ ፀሐይ ነው። ነጸብራቅ የሚቀንስ ሲፒኤል የሚባል ማጣሪያ ለብቻው ይሸጣል። ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ የዳሽቦርዱ ጥላ ከምስሉ እስኪጠፋ ቀስ እያላችሁ ታዞሩታላችሁ። እኔ ግን ከማጣሪያው በፊት ዳሽቦርዴ ላይ አንጥፌው የነበረውን ነጭ ፀጉራም ምንጣፍ አነሣሁ። ግማሹ ችግር ያኔውኑ ለቀቀ። ከስፖኪዮው ይወዛወዝ የነበረውን መስቀልም እናቴን አስፈቅጄ ማርሹ ላይ አሰርኩት። ድምፅ መቅጃውንም ዘግቼዋለሁ። መኪናዬ ውስጥ ሰው የልቡን ያወራል፤ ያ የኔ ማስረጃ አይደለም።

ሰዓቱን ሳላነሣ አላልፍም። ካሜራዋ የምታውቀው የፈረንጁን ቀንና የፈረንጁን ሰዓት ብቻ ነው። የሰዓት ክልሉን 3 ሲደመር (+3) ላይ አድርጋችሁ ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩት። «ለኛ እንዲመች» ብላችሁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ አትመልሱት። ቀኑ ያለ ሰዓቱ ይቀየርና ሁሉ ነገር ይዛባል።

ይህ የጠቀመኝ ግንቦት 2 ቀን 2017 ነው። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን። ከፊቴ አንድ ታዳጊ ብስክሌቱ መሪ ላይ ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል። በግራው ያለ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር ገባበት። ልጁ ወደቀ። እኔ ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ባጃጁ ሄደ። ስወርድ ሰው ተሰብስቧል፤ ልጁ መሬት ላይ ነው፣ ዓሣው ከጎማዬ ሥር ተበትኗል። «ገጨችው!» ይላል ሁሉም። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚለው።

ልጁን ደግፌ አነሣሁት። ክርኑ ተልጧል እንጂ ሌላ ጉዳት አልነበረበትም። ትራፊኩ ሲመጣ ካሜራዋን ከመያዣዋ ነቅዬ፣ በገመዷ እንዳለች ሰጠሁት። ስክሪኗ ሁለት ኢንች ነች። በቆቡ ፀሐዩን ከልሎ አየ። ፌስታሉ አየር ላይ ሲፈታ፣ ባጃጁ ሲታጠፍ፣ መኪናዬ ከብስክሌቱ ክንድ ያህል ርቃ ስትቆም ይታያል።

«እህቴ፣ ይሄ 14:20 ነው የሚለው። ቀኑም ግንቦት 2 አይደለም» አለኝ።

ሜይ 10 2025 ግንቦት 2 ቀን 2017 መሆኑን፣ 14:20 ማለት ከቀኑ 8:20 መሆኑን ስልኬ ላይ አሳየሁት። እሱም የራሱን ሰዓት አየ። ስድስት ደቂቃ ነበር ያለፈው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መዝገቡ ላይ ጻፈው። የባጃጁም ታርጋ ከቪዲዮው ተነበበ። ከዚያ ልጁን ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ክርኑን አጠቡለት። ዓሣውን ከፈልኩለት። የሰው እንደሆነና ሻጩ እንደሚጠብቀው ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያን ቀን አንድ ጉድለቷም ወጣ። ኤ119 ቪ3 ዋይፋይ የላትም። ትራፊኩ «ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ላኪልኝ» ሲለኝ መላክ አልቻልኩም፤ ካርዱን አውጥቼ ቢሮ ላፕቶፕ እስካገኝ ሰኞ ሆነ። ይህ ለሚያስቸግረው ኤ119 ሚኒ 2 የምትባለው ዋይፋይ አላት፣ እሷም በካፓሲተር ነው የምትሠራው። ጂፒኤስም በቪ3 ላይ ለብቻው የሚገዛ መያዣ ይፈልጋል፤ እኔ አልገዛሁትም፣ ስለዚህ ፍጥነቴ ቪዲዮው ላይ አይጻፍም። የኋላውንም አትቀርጽም። ከተማ ውስጥ ከኋላ መገጨትም ስላለ ባለቤቴ ለሚነዳው ሚኒባስ ባለሁለት ካሜራ ነው የምፈልገው።

ሌላ የማደርገው ነገር ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ቦርሳቸውን እስኪይዙ ያለፈውን ቀን አንድ ቪዲዮ ከፍቼ ማየት ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ጊዜ ባየው ኖሮ 11 ቀን ሙሉ ባዶ አልነዳም ነበር። ስልክ ላይ የሚሰካ ካርድ ሪደርም ገዝቻለሁ። ከሊብሬው ጋር በአንድ ፌስታል ኪስ ውስጥ ነው የማስቀምጣት።