መኪናው ቤቱ ለሆነ ሰው የቱ ላፕቶፕ? ያገለገለው ቲንክፓድ ቲ480 ሲፈተሽ

ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ፣ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉ ሱቆች መስታወት ውስጥ ከተደረደሩት ያገለገሉ ላፕቶፖች መካከል ጥቁሩ የሌኖቮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዓይን የሚስብ አይደለም። ወፈር ያለ ነው፣ የስክሪኑ ጠርዝ ሰፊ ነው፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይሁንና አባዱላው ውስጥ አልጋና ምድጃ ገጥሞ ወር ሙሉ ከከተማ ለሚጠፋ፣ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ድንኳን ዘርግቶ ለሚያድር አስጎብኚ፣ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ለሚጽፍ ቀያሽ በእኛ ግምት ከዚያ መስታወት ውስጥ ቀድሞ መነሳት ያለበት እሱ ነው። መንገድ ላይ የሚያስቸግረው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን የመብራት ጉዳይ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ ይሞላል፣ የራሱ ባትሪም በእጅ ወጥቶ በሌላ ይተካል።

ባትሪው ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ የተቀበረ ባለ 24 ዋት ሰዓት (ዋት ሰዓት የባትሪ አቅም መለኪያ ነው)፣ ሌላው ከሥር ሁለቱን መቆለፊያዎች ገፋ ሲያደርጉ የሚወጣ። የሚወጣው በሦስት መጠን ይመጣል፦ 24፣ 48 እና 72 ዋት ሰዓት። ባለ 24ቱ ከማሽኑ ጋር ልሙጥ ሆኖ ይገጥማል። 48ቱና 72ቱ ግን ሆዳቸው ወደ ታች ስለሚያብጥ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሻጩ «ትልቁ ባትሪ ነው» ቢልም አውጥታችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በትልቁ ባትሪ ድምሩ 96 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጽሑፍ፣ ኢሜይልና ካርታ በመካከለኛ የስክሪን ብርሃን ከ8 እስከ 10 ዋት አካባቢ ስለሚበሉ፣ አቅሙ ወደ 75 በመቶ የወረደ ያገለገለ ባትሪ እንኳ ሰባት ሰዓት ያህል ያሠራል። ማሽኑ መጀመሪያ የሚጨርሰው የውጪውን ነው። እሱ ሲያልቅ ሥራችሁን ሳትዘጉ ነቅላችሁ ሌላ የሞላ መሰካት ትችላላችሁ፣ በመሃል የውስጡ ይሸከመዋል። ሁለት የውጪ ባትሪ የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሞተር ማስነሳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቲ480ኤስ የሚባለው ቀጭኑ ወንድሙ የሚወጣ ባትሪ የለውም፤ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም «ቲ480» ተብለው ይጠራሉ። ቲ470 ደግሞ መልኩ ከቲ480 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ባትሪውም ሁለት ነው፣ ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ግን 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የ7ኛው አይ5 የተባለው ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ሥራ የሚካፈሉ ክፍሎች) ሲኖረው፣ ቲ480 ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የ8ኛው አራት አለው፤ ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ቲ470 መግዛት ገና ከሱቅ ሳይወጡ ያረጀ ነገር መሸከም ነው። ኤምኤክስ150 ግራፊክስ ካርድ ያለበትን ቲ480 ደግሞ እለፉት። ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ለጽሑፍ ሥራም የሚጨምረው ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመኪናው ጋር ሲያገናኘው ነው። የተለመደው አሠራር ኢንቨርተር ገዝቶ የቤት ቻርጀሩን እዚያ ላይ መሰካት ነው። 12 ቮልቱ ወደ 220 ከፍ ይላል፣ መልሶ ደግሞ ወደ 20 ይወርዳል፤ በሁለቱም ደረጃ ላይ ኃይል በሙቀት ይባክናል፣ ኢንቨርተሩም ምንም ሳይሰካበት የራሱን ይወስዳል። ቲ480 በታይፕ ሲ ስለሚሞላ ይህ ሁሉ ዙር አያስፈልግም። በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚገባ ፒዲ የሚባለው ዓይነት (ቮልቱን ከመሣሪያው ጋር ተስማምቶ የሚሰጥ) ባለ 65 ዋት የመኪና ቻርጀር ይበቃዋል።

ቻርጀሩን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «65 ዋት» አትመኑ፤ በቻርጀሩ ገላ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ፈልጉ። «20 ቮልት፣ 3.25 አምፒር» የሚል መስመር ከሌለ ያ 65 ዋት የሁሉም ቀዳዳዎች ድምር ነው። የስልክ ባለ 18 ወይም 20 ዋት ቻርጀር ወደ 20 ቮልት ስለማይወጣ ላፕቶፑ አይቀበለውም። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ቻርጀሮች ስልክ ሲጨመርባቸው የላፕቶፑን ወደ 45 ዋት ያወርዳሉ። ቲ480 በ45ም ይሞላል፣ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። ገመዱም ይለያያል፦ ተራ የታይፕ ሲ ገመድ የሚያሳልፈው እስከ 3 አምፒር ስለሆነ በ20 ቮልት 60 ዋት ላይ ይቆማል፤ ባለ 5 አምፒር የሆነው ገመድ ራሱን የሚያስተዋውቅ ቺፕ አለው።

የመግቢያው ቮልት ሌላው ነው። ላንድክሩዘርና አባዱላ በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው፤ የአይሱዙ ጭነት መኪናና ናፍጣ ኮስተር ግን ባብዛኛው 24 ናቸው። ቻርጀሩ ላይ «12–24 ቮልት» የሚል ካልተጻፈ ኮስተር ላይ አትሰኩት።

65 ዋት ማለት በ12 ቮልት መኪና ላይ ወደ 6 አምፒር ነው። የሶኬቱ ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ስለሆነ ይችለዋል፣ የሚያስቸግረው ያረጀ ሶኬት ነው። ፒስታ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሶኬት ምላሱ ይላላል፣ የላላ ቦታ ይሞቃል፣ የሞቀው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነቅላችሁ ጫፉን በጣት ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ሶኬቱ ይቀየር። መኪና ውስጥ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚሻለው ከባትሪው በቀጥታ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ አስዘርግቶ አዲስ ሶኬት ማስገጠም ነው። 15 አምፒር ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ሶኬቱ ጋ ከተቀመጠ በመሃል ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም፣ ይህ ደግሞ መኪና ያቃጥላል።

ሞተር ስታስነሱ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ በአንዴ ይወርዳል፣ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው ወደ 14 ይመልሰዋል። ርካሽ ቻርጀር የሚቃጠለው በዚህ መውረድና መውጣት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማታ ስትሞሉ ደግሞ ሂሳቡን ያዙ፦ ባዶውን 96 ዋት ሰዓት አንዴ ለመሙላት ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 9 አምፒር ሰዓት ይወጣል። ደህና ባለ 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ችሎ ጠዋት ሞተር ያስነሳል። ፍሪጅ አብሮ እያደረ ከሆነ ግን ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል። ጣሪያ ላይ ባለ 100 ዋት ሶላር ያለው ሰው በበጋ ፀሐይ ላፕቶፑን ሞልቶ ይተርፈዋል፤ በክረምት ደመና እምነቱን ሶላሩ ላይ ብቻ አይጣል።

ሻጮች እንደ ጥቅም የሚጠሩት «500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ» ከአዲስ አበባ ለሚወጣ ሰው ጉድለት ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል፣ ጭንቅላቱ ዲስኩን ይቧጥጣል። የአብዛኞቹ ዲስኮች የሥራ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ደህና ይሠራል፤ ባሌ ላይ የሳነቴ ሜዳ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ስሜን ውስጥ ጨነቅ ሰፈርም ከ3,000 ይበልጣል። የፒስታው መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ፎቶና ሪፖርት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ፣ ብቻ። ቲ480 ለሞደም ካርድ (በሲም ኢንተርኔት ለሚያስገባው) በተሠራው ቦታ ላይ ሁለተኛ አጭር ኤስኤስዲ፣ 2242 የሚባለውን፣ ይቀበላል፤ ለመጠባበቂያ ቅጂ ጥሩ ነው። ሌባ ማሽኑን ከወሰደ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉና አንድ ቅጂ በውጪ ዲስክ መኪናው ውስጥ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሳነቴ ላይ ያደረ ላፕቶፕ ጠዋት ቻርጅ አልይዝ ካለ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ባትሪው ከ10 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ መሞላት የለበትም። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡት። አፋርና አዋሽ በኩል ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ላፕቶፕ መተው ባትሪ ያሳብጣል። ከወንበር ሥር፣ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

አቧራን በተመለከተ፣ ማሽኑ ፋን ስላለው ይስባል። ሽፋኑ በስድስት ብሎን ይያዛል፣ ብሎኖቹ ከሽፋኑ ስለማይወጡ መንገድ ላይ አይጠፉም። ከመክፈት በፊት ሲነሳ ኤፍ1 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ፣ ኮንፊግ ሥር ፓወር ውስጥ የውስጡን ባትሪ የሚያጠፋውን ምርጫ ተጫኑ፣ የውጪውንም አውጡ። የፋኑን ምላጭ በጣት ይዛችሁ ንፉት፤ ሳይያዝ በኃይል ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል።

አሁን ሱቅ ውስጥ። ሻጩን «ወንድሜ፣ ጠፍቶ ከመጀመሪያ ይነሳልኝ» በሉት፣ ኤፍ1 ተጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው ድርጅት ቆልፎታል፤ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ቀጥሎ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጥግ ጥጉን ጫኑ። ከተወዛወዘ፣ ወይም የመዳፍ ማረፊያው መሃል ላይ ከፍ ካለ፣ የውስጡ ባትሪ አብጧል። ከዚያ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍታችሁ powercfg /batteryreport ብላችሁ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ለየባትሪው ይወጣሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስላችሁ።

በጣም የሚዘለለው ፈተና የታይፕ ሲው ነው። ሁለቱም ቀዳዳዎች ይሞላሉ፤ በሁለቱም ተራ በተራ ሰክታችሁ ገመዱን ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙ። የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቀዳዳው ከማዘርቦርዱ ላይ ላልቷል። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ቲንክፓዶች የሚታወቅ የተንደርቦልት (በታይፕ ሲ ቀዳዳ የሚሠራው ፈጣን የመረጃ መስመር) ሶፍትዌር ጉድለትም ነበረባቸው፤ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚጽፍ ቺፗ ትሞላለች፣ ቀዳዳውም መሥራት ያቆማል። ሌኖቮ ማስተካከያውን እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት ከሌኖቮ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑት። አንዴ ከተበላሸ ቺፗን በመሣሪያ እንደገና የሚጽፍ ጥገና ቤት ይጠይቃል፣ ያን ደግሞ ጂንካ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

ስክሪኑ የዚህ ማሽን ደካማ ጎን ነው። ባለ 1366 በ768ቱን ከጎን ስታዩት ይጠቁራል፣ አትግዙት። ባለ 1920 በ1080ው 250 ኒትስ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ብርሃን አለው፤ ለጥላ ይበቃል፣ ቀትር ላይ ውጪ አይበቃም። ንክኪ የሌለው ሞዴል ባለ 30 ፒን ማገናኛ ስለሚጠቀም ባለ 400 ኒትስ ስክሪን ሊገጠምለት ይችላል፣ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ተመሳሳይ ፕሮሰሰር አለው፣ ቀጠን ያለና ያማረ ነው፣ በታይፕ ሲም ይሞላል። ባትሪው ግን ውስጥ የታሰረ አንድ ብቻ ነው። «ሹር ቪው» የሚባለው የምስጢር ስክሪን ያለበት ደግሞ ከጎን ሲታይ እንዲጨልም የተሠራ ስለሆነ ሁለት ሰው አንድ ካርታ ለማየት ይቸግረዋል። ማክቡክ ኤር ኤም1 ሌላ ዓለም ነው፦ ፋን የለውም፣ አቧራ አይስብም፣ በ30 ዋት ይሞላል፣ ስክሪኑ 400 ኒትስ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው እሱን እንመርጣለን። ሜሞሪውም ማከማቻውም ተበይደው ስለተያያዙ ግን ቦርዱ ከተጎዳ ሥራችሁም አብሮ ይቀራል፤ ሻጩ አካውንቱን ሳያወጣ፣ ማሽኑም ተጠርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ ገንዘብ አትክፈሉ። የጌም ላፕቶፖች ብዙዎቹ 180 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቁ የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት አይችላቸውም።

ለኢንተርኔት የስልክ ሆትስፖት ይበቃል። የሲም ማስገቢያ መኖሩ ሞደም ካርዱ ውስጥ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ዋይፋዩን «ሚተርድ» (ዳታው የተወሰነ ነው የሚል ምርጫ) ማድረግ አትርሱ፣ አለዚያ የዊንዶውስ አፕዴት የወሩን ጥቅል በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ስትወጡ የምትይዙት ትንሽ ነው፦ ሁለተኛ የውጪ ባትሪ፣ ሁለት ባለ 5 አምፒር ገመድ፣ አራትና አምስት ባለ 15 አምፒር ፊውዝ፣ ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቪቴ። ከገመዶቹ አንዱ ጫፉ የታጠፈ ይሁን። ቀጥ ያለው ገመድ ጭን ላይ ስትሠሩ ከጉልበት ጋር እየተጋጨ ቀዳዳውን ያላላዋል፣ ማሽኑ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በዚያች ቀዳዳ በኩል ነው።