ቼኮዝሎቫኪያና ዩጎዝላቪያ፦ ሁለት ዓይነት መለያየት

እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረቱት እነዚህ ሁለት አገሮች የፈረሱት በተቀራራቢ ጊዜ ቢሆንም፣ አፈራረሳቸው ግን ለየቅል ነበር።

በኦገስት 1992 የቼኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ቫትስላቭ ክላውስና የስሎቫኩ አቻቸው ቭላዲሚር ሜቺያር በብርኖ ከተማ በአንድ ቪላ ተገናኝተው የመለያየቱን መንገድ ተነጋገሩ። የማይንቀሳቀሰው የፌዴራሉ ንብረት ባለበት ሲቀር፣ የተቀረው የሕዝብ ብዛትን መሠረት አድርጎ ሁለት እጁ ለቼክ፣ አንድ እጁ ለስሎቫኪያ ተከፈለ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ሁለት አገሮች ሆኑ። የጋራ ገንዘባቸው ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ አዲሱ እስኪታተም ድረስ በአሮጌው የኮሩና ኖት ላይ ትንሽ ቴምብር እየተለጠፈ የየአገሩ መገበያያ ሆነ። ይሁንና ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም፤ ይህ በእኔ ግምት ቀላል እንከን አይደለም።

ዩጎዝላቪያ ውስጥ በአንጻሩ ከአገሪቱ ሪፐብሊኮች ሁለቱ፣ ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ፣ በጁን 1991 ነጻነታቸውን ሲያውጁ መልሱ ጦርነት ሆነ። ለልዩነቱ የመሪዎች ጠባይ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋናው ምክንያት የሕዝቡ አሰፋፈር ይመስለኛል። በቼክና በስሎቫክ መካከል ያለው ወሰን ብዙም አላከራከረም፤ በሌላዋ የዩጎዝላቪያ ሪፐብሊክ በቦስኒያ ግን በ1991ዱ ቆጠራ ሙስሊሞች 44፣ ሰርቦች 31፣ ክሮአቶች 17 በመቶ ገደማ ሆነው ተሰባጥረው ይኖሩ ስለነበር፣ የትኛውም መስመር መንደርን ከመንደር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚቆርጥ ነበር። የፌዴራሉ ጦርም ከገላጋይነት ይልቅ ወገን ለየ። የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ ከ1992 እስከ 1996 ተከበበች፤ በጁላይ 1995 በቦስኒያዋ የስሬብሬኒትሳ ከተማ ከ8,000 በላይ ወንዶችና ወጣቶች ተገደሉ። ቼኮችና ስሎቫኮች በወራት የተስማሙበትን የንብረት ክፍፍል የዩጎዝላቪያ ወራሾች በቪየና የፈረሙት በ2001 ነው።