አዲስ አበባን ለማየት፦ ባቡር ወይስ ታክሲ?

እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማሳፍረው በቀላል ባቡሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ከሜክሲኮ ወደ ልደታ የሚሄደው በድልድይ ላይ ነው። በመስኮት በኩል መዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል፤ በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ ከጀርባው ደግሞ ገና ያላለቀ ፎቅ። ይህን ከታክሲ ውስጥ አታገኙትም። ምኒልክ አደባባይ ስትወርዱ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን አትሞክሩት፤ ግፊያው አያስቆምም።

ባቡሩ አራት ኪሎም ሆነ ስድስት ኪሎ አይደርስም። ድንቅነሽን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ የፈለገ ሰው ታክሲ መያዝ አለበት። ወያላው «ስድስት ኪሎ! አንድ ሰው!» ሲል ግቡ፤ ጋቢና ከተገኘማ ምን ትፈልጋላችሁ! ዝርዝር ብር ያዙ። አምስት ኪሎ ስትደርሱ «ወራጅ አለ!» በሉ፣ ሙዚየሙ ቅርብ ነው። ከዚያ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ፤ የየካቲት 12 ሐውልት አደባባዩ ላይ ቆሟል።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው እኔ ታክሲውን እመርጥለታለሁ። ሁለት ቀን ካለው፣ የመጀመሪያው ጠዋት የባቡር ይሁን።